ሒሳብ አይገባውም የተባለው ልጅ



በየቤታችን ከለመድናቸው አነጋገሮች አንዱ «የኔ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» የሚለው ነው። ወላጅ ይህን ሲናገር አያፍርም። አንዳንዱማ «እኔም አይገባኝም ነበር» ብሎ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ መልክ አድርጎ ያወራዋል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ስለ ቁርኣን ትምህርት ግን እንዲህ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? አንድ ልጅ ሱራውን ሳይዝ ቢቀር «ይኼ ልጅ ቁርኣን አይገባውም» ብሎ የሚተወው አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጁን ይቆጣል፤ ኡስታዙን ይጠይቃል፤ ከመጀመሪያው ያስቀራዋል። ለሒሳብ ሲሆን ግን ቶሎ እጅ እንሰጣለን። ለምን?

ይህን የምጽፈው የሒሳብ ሊቅ ሆኜ አይደለም። መድረሳ ያደግሁ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ወደዚያው የተመለስሁ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመጡትን ሒሳብ አስጠናለሁ። ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን የያዘ ሰው አንዱን በሌላው ዓይን ማየቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ልጆች ሒሳብን እንዴት ቢማሩ እንደሚይዙት በሌሎች አገሮች ተፈትኖ የተገኘውን፣ እጄ በገባልኝ መጠን አነባለሁ። ያነበብሁትና ከልጆቹ ፊት ያየሁት የሚገናኙበት ቦታ ስላለ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የትምህርቱ ሁሉ ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ ልጆች ግን እዚያ ፈተና ድረስ እንኳ አይዘልቁም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ይጥላቸዋል። ከዚያ ወንዱ ወደ ጂቡቲ መንገድ፣ ሴቷ ወደ ዐረብ አገር ማሰብ ይጀምራሉ። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሰባተኛ ክፍል ልጇን ይዛ መጣች። «ኡስታዝ፣ ሒሳብ እምቢ ብሏታል፤ ዘንድሮ ካልቀናት አክስቷ ዘንድ ጅዳ ልልካት ነው» አለችኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ይህች ልጅ ከሰዓት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ሳምቡሳ ትሸጣለች፤ እኔም ከእሷ እገዛለሁ። ወረቀት ሰጥቼ 100 ሲቀነስ 45 ሥሪ አልኋት። 145 ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አጠፍሁና «ሦስት ሳምቡሳ፣ አንዱን በ15 ብር ገዝቼሽ መቶ ብር ብሰጥሽ መልሴ ስንት ነው?» አልኋት። «ሃምሳ አምስት» አለች፣ አፌን ሳልዘጋ።

መቶ ብር ተቀብላ 145 ብር የምትመልስ ነጋዴ የለችም። ልጅቷ መቀነስ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ለእሷ ገንዘብ አልነበረም፤ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደረ ምልክት ነው። ከዜሮ ላይ አምስት አልነሣ ሲላት ገልብጣ ከአምስት ላይ ዜሮ አነሣች። በአራቱም እንዲሁ። አንዱን እንዳለ አወረደችው።

ይህ የእሷ ብቻ ነገር አይደለም። ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በተባለች ከተማ ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች በሚነግዱበት ቦታ እንደ ገዢ ሆነው ጠየቋቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል። ልጆቹ በገበያ ላይ 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በባዶ ቁጥር ወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ትክክሉ ወደ 37 በመቶ ወረደ። በታሪክ መልክ፣ «እገሌ ይህን ያህል ገዝቶ» እየተባሉ ሲጠየቁ ደግሞ 74 በመቶ ሆነ። አምስት ልጅ ጥቂት ነው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን የሚጠራጠር ሰው ወረቀትና መቶ ብር ይዞ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ጎራ ይበል።

ታዲያ ትምህርቱን መጀመር ያለብን ልጁ ከሚያውቀው ነው። ልጅቷ በአእምሮዋ የሠራችውን አስጻፍኋት፤ ከ45 እስከ 50 አምስት፣ ከ50 እስከ 100 ሃምሳ። ከዚያ የትምህርት ቤቱን አሠራር ከጎኑ አስቀመጥን። «መበደር» የሚሉት ነገር ለብዙ ልጆች አስማት ነው። አንዱን ሰርዝ፣ ላዩ ላይ ዘጠኝ ጻፍ ይባላሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም። በነጋዴ ቋንቋ ግን መዘርዘር ነው። መቶው ወደ ዐሥር የዐሥር ብር ኖት ይዘረዘራል፤ ከነዚያ አንዱ ደግሞ ወደ ዐሥር የአንድ ብር ሳንቲም ይዘረዘራል። የቀሩት ዘጠኝ ዐሥሮች ናቸው፤ ያ ከላይ የሚጻፈው ዘጠኝ እነሱ ናቸው። አማርኛችን ይህን ቃል ይዞ ሳለ ለልጆች ባዕድ ማድረጋችን ይገርመኛል። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ነው የሚል ልጅ፣ «ግማሽ ዳቦ በልተህ ሲሶ ቢጨመርልህ ከግማሽ ያነሰ በላህ ማለት ነው?» ሲባል ራሱ ይስቃል።

መግባት ግን ግማሹ መንገድ ነው። የገባ ሁሉ አይቆይም። ይህን ከመድረሳ ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? አንድ ደረሳ ዛሬ ያጠናውን ገጽ ነገ በቃሉ ይልልሃል፤ ሙራጀዓ ካላደረገ በወሩ ከአፉ ይጠፋል። ስለዚህ ኡስታዞቻችን አዲስ ከመስጠታቸው በፊት የቆየውን ያስቀራሉ፤ ያውም ሙስሐፉ ተከድኖ። እያዩ ማንበብና ተከድኖ መቅራት ምን ያህል እንደሚለያዩ የቀመሰው ያውቀዋል።

ይህ የእኛ ልማድ በሌላ መንገድ ተፈትኖ ተረጋግጧል። አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡና አንድ ጊዜ አንብበው ሁለተኛውን ጊዜ ወረቀቱ ሳይታያቸው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎች ተነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር፤ 81 በመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 42 በመቶ፣ በቃላቸው የሞከሩት 56 በመቶ አስታወሱ። እንግዲህ ተማሪው ደብተሩን አሥሬ እያገላበጠ «አጥንቻለሁ» የሚለው የአምስቱን ደቂቃ እውቀት ይዞ ነው።

በሒሳብ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። መጽሐፉ ሁለት ሳምንት የዙሪያ ጥያቄ ብቻ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት የስፋት ጥያቄ ብቻ ይሰጣል። ልጁ ጥያቄውን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ምዕራፉ «ስፋት» ስለሚል ያገኛቸውን ሁለት ቁጥሮች ያባዛል። ሁሉም ልክ ይሆናል፣ መምህሩም ደስ ይለዋል። ፈተና ላይ ግን ጥያቄው የምዕራፉን ስም አንጠልጥሎ አይመጣም። አጥር ለማጠር ምን ያህል ሽቦ ይበቃል ሲባል ያባዛል። ስሌቱን አልሳተም፤ የትኛውን ስሌት መቼ እንደሚጠራ አልተለማመደም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የዳግ ሮረርና የባልደረቦቹ ጥናት ያየው ይህንን ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ 54 የሰባተኛ ክፍል ምድቦች በዕጣ ተከፈሉ። ሁሉም ለወራት የሠሩት ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ግማሾቹ በብዛት ተቀላቅሎ፣ ግማሾቹ በብዛት በየዓይነቱ ተለይቶ ተሰጣቸው። ከመጨረሻው ልምምድ ከአንድ ወር በኋላ ድንገት ሲፈተኑ፣ ቀላቅለው የሠሩት 61 በመቶ፣ ለይተው የሠሩት 38 በመቶ አመጡ። መጽሐፍ አልተለወጠም፣ ተጨማሪ ገንዘብ አልወጣም፤ የጥያቄው ተራ ብቻ ተለወጠ።

እኛም ዘንድ ገንዘብ የለም። ያለን ሉሕ ነው። የጥንቱን የእንጨት ሉሕ የሚያስታውስ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥቁር ሰሌዳ ለየልጁ አሠርተናል። በክፍላችን የተለመደው መምህሩ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ሲል በአንድ ድምፅ መጮኽ ነው። ሦስቱ ያውቃሉ፣ ሠላሳው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሁሉም በሉሑ ላይ ጽፎ «አንሡ!» ሲባል ግን የሚደበቅ የለም። ማን እንደሳተ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሳተ በአንድ እይታ ይታያል። የማባዛት ሠንጠረዥን በቃል መያዝ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማግኘት ጣቱን የሚቆጥር ልጅ ዋናው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ይደክማል።

አዲስ ትምህርት ሲሆን አንድ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ሃያ ጥያቄ መስጠትም አይጠቅምም። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር አውስትራሊያ ውስጥ በአልጀብራ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳተሙት፣ ጀማሪ የሆነ ተማሪ አንድ የተሠራ፣ አንድ ራሱ የሚሠራው እያፈራረቀ ቢማር በብዛት ብቻውን ከሚታገለው ይልቅ ቶሎ ይይዛል።

አልጀብራ ካልን አይቀር፣ የዚህን ትምህርት ስም ያገኘነው በዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ውስጥ ከጻፈው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል የውርስና የኑዛዜ አከፋፈል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሰው ገንዘብ ሳይበደል እንዲከፈል ነው የተጻፈው። እኔም ስለ ክፍልፋይ ሳስተምር ከዚያ አልርቅም። ሰውዬው ሞተ፤ ወላጆቹ የሉም፤ ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል። ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ 240,000 ብር ቀረ። ሚስት ስምንተኛውን፣ 30,000 ትወስዳለች። ብዙዎቹ ልጆች ቀጥለው ለወንዱ ከጠቅላላው ሁለት ሲሶ 160,000፣ ለሴቷ 80,000 ይሰጣሉ። «ደምሩት» እላለሁ። 270,000 ይሆናል። «ሠላሳው ሺህ ከየት መጣ? ማን ይክፈለው?» ክፍሉ ይንጫጫል። ከቀረው 210,000 ላይ መሆኑን፣ 140,000 እና 70,000 መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት እኔ ዝም ብዬ ነው የምሰማው። የዘካው አርባኛ ክፍልም ለመቶኛ እንዲሁ ይረዳኛል።

ሳምቡሳ ሻጯ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። የጅዳው ነገር አልተዘጋም፤ እናቷ የሚኒስትሪውን ውጤት እጠብቃለሁ ብላለች።

ቤት ውስጥ ማድረግ ለምትፈልጉ፣ መማርም ባይሆንላችሁ ይቻላል። ማታ አምስት ጥያቄ ከልጁ መጽሐፍ ምረጡ፤ ሁለቱ ከዛሬው፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ ሁለቱ ከወር በፊት ከተማረው። ደብተሩ ይከደን። ሲጨርስ መልሱን ከማየታችሁ በፊት «ለምን እንዲህ አደረግህ?» በሉት። አንድ አባት ይህን ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት ተቆጥቶ መጣ፤ «ድሮ ሁሉንም ያገኝ የነበረ ልጅ አሁን ከአምስት ሁለት ይስታል» ብሎ። የሮረርንና የኬሊ ቴይለርን የ2007 ጥናት ነገርሁት፤ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። በልምምዱ ጊዜ በየዓይነቱ የሠሩት 89 በመቶ፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ ነበራቸው። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ 20 በመቶ፣ ሁለተኛዎቹ 63 በመቶ አገኙ። አባትየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «እስከ ረመዷን እሞክራለሁ» ብሎኝ ሄደ።