እጅ መስጠት

እሁድ ጠዋት ላንቻ አዳራሽ ተከራይተን ጁጂትሱ አስተማርን። ትንሿ ተማሪያችን 9 ዓመቷ፣ ትልቁ ጋሼ ደግሞ 52 ናቸው። መጀመሪያ ያሳየነው እጅ መስጠትን ነው፤ ክንድህ ሲጠመዘዝ የያዘህን ሁለቴ ቸብ ቸብ ታደርገዋለህ፣ ወዲያው ይለቅሃል። ልጆቹ እየሳቁ ቸብ ቸብ! ጋሼ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም። ክርናቸው ቀጭ ሲል ሮጠን አላቀቅናቸው።

“እጅማ አልሰጥም!” አሉን ክርናቸውን እያሹ።

ምን እንበላቸው? በ1951 (እ.ኤ.አ.) ብራዚላዊው ሄሊዮ ግራሲም በጃፓናዊው ኪሙራ ተጠምዞ እምቢ ብሎ ክንዱ ተሰብሯል፤ ፎጣ ወርውሮ ያስቆመለት ወንድሙ ነው። ደግሞም ጥፋቱ የኛ ነው፤ ስንጀምር “ጀግኖች!” እያልን ያሞቅናቸው እኛው ነን።

ትንሿ ጠጋ ብላ “ጋሼ፣ እጅ ካልሰጡ እኮ ለሚቀጥለው እሁድ አይመጡም” አለቻቸው።

ሳቁና ወለሉን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረጉላት።