መጽሐፉ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን አይሄድም

ገዥ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሻጭም ዕቃውን ያስረክባል፤ የገበያ ሕግ ይህ ነው። በዘመናችን ግን ሻጩ ዕቃውን አቅርቦ፥ ገዥውም ገንዘቡን ይዞ፥ ሁለቱ የማይገናኙበት ገበያ ይገኛል። ይኸውም በስልክና በኮምፒዩተር የሚነበበው የዲጂታል መጽሐፍ ገበያ ነው። ነገሩን ለማስተዋል የበቃነው በካርቱም ከተማ፥ በቡሪ ሠፈር፥ ከወጣቶች ጨዋታ የተነሣ ነው።

ቡሪ በካርቱም ምሥራቅ፥ ከአገራችን ወርዶ በሚያልፈው በዓባይ ዳር ያለ ሠፈር ነው። የካርቱም ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ይደረግበት የነበረው የኤግዚቢሽን ሜዳ በዚሁ ይገኛል። ከጦርነቱ በፊት በዚያ በተቀመጥንበት ጊዜ የሐበሻ ልጆች ከሱዳናውያን ጓደኞቻቸው ጋር ማታ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰበሰቡ እናይ ነበር። ጨዋታቸው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለው ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የወታደር፥ የጠቢብ ወይም የሌባ ጠባይ ይዘው ይናገራሉ፤ የሚደርስባቸውንም ቁጥር የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ጥለው ይለያሉ። አገሩም ሰዉም በሐሳብ የተፈጠረ ነው። በልጅነቱ እንቆቅልሽ ተጫውቶ «አገር ስጠኝ» ያለ ሰው የዚህ ጨዋታ ጣዕም አይጠፋውም፤ እርሱም ጎንደርን ወይም አክሱምን በቃል ብቻ ተቀብሎ ገዝቷልና።

ልዩነቱ ይህኛው ጨዋታ ብዙ መቶ ገጽ ያለው የሕግ መጽሐፍ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ልጆቹ የሚያነቡት ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ ቅጂ ነበር። «ስለ ምን አትገዙትም?» ብለን ብንጠይቅ፥ ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፥ ብንከፍልስ ማን ይቀበለናል?» ሲል መለሰልን። መልሱ ማመካኛ አልነበረም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በ2017 ነው፤ ሱዳን ሽብርን ይረዳሉ ከሚባሉት መንግሥታት መዝገብ የተሰረዘችው ደግሞ በ2020 መጨረሻ ነው። በዚህ ምክንያት የውጭ አገር ባንኮች ከሱዳን ጋር ለመሥራት ይፈሩ ነበር፤ በውጭ ነጋዴ ዘንድ የሚያገለግል የክፍያ ካርድም በካርቱም ለሚኖር ተራ ሰው ብርቅ ነበር። መጽሐፉ በአንድ ደቂቃ ድንበር ይሻገራል፤ ዋጋው የሆነው አሥር ዶላር ግን አይሻገርም።

ሻጮቹም በበኩላቸው አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። የዚሁ ጨዋታ አሳታሚ የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2009 መጽሐፌን ያለ ፈቃድ አሠራጩ ያላቸውን ሰዎች ከሰሰ፤ የዲጂታል እትሞቹንም ሽያጭ አቆመ። በዚያው ዓመት ተወዳዳሪው ፓይዞ «ፓዝፋይንደር» የተባለውን ባለ 576 ገጽ መጽሐፍ አውጥቶ፥ የወረቀቱን እትም በ49 ዶላር ከ99 ሳንቲም፥ ዲጂታሉን በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። አንዱ ሌባን ለመከላከል በሩን ሲዘጋ፥ ሌላው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እውነተኛውን ገዥ ጠራ። የመጀመሪያውም በ2013 ወደ ዲጂታል ሽያጭ ተመለሰ፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ 400 ገጽ ያህል የሚሆነውን የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ፥ ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲያባዛውና እንዲተረጕመው ፈቀደ። ዛሬ ገንዘብ መላክ የማይችል ወጣት ቢያንስ ይህን ክፍል ያለ ስርቆት ሊያነብ ይችላል።

ገዥም ቢሆን የሚገዛውን ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ዲጂታል መጽሐፍ ወደ ገዥው ስልክ ወርዶ በዚያው ይቀመጣል፤ ሌላው ግን በነጋዴው መዝገብ ውስጥ እንዳለ በኔትወርክ ብቻ ይነበባል። ጦርነቱ በ2023 በሚያዝያ ወር በካርቱም ሲነሣ ሕዝቡ የወረቀት መጽሐፍ ተሸክሞ የሚሰደድበት ጊዜ አልነበረም፤ በኪስ የተያዘው ስልክ ግን አብሮ ተሰደደ። በ2024 መጀመሪያ የሱዳን ኔትወርክ በአብዛኛው አገር በተቋረጠ ጊዜ ግን ከሩቅ የሚነበበው መጽሐፍ ከተቈለፈ ቤት የማይለይ ሆነ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ስለ አንድ የባዕድ ጨዋታ ብቻ ብለን አይደለም። ያለ ዋጋ መውሰድን ያለ ውድ በግድ የተማረ ልጅ፥ መክፈል በሚችልበት ቀንም ሳይከፍል እንዳይቀር እንሰጋለን። ያን ጊዜ የሚጐዳው በሩቅ ያለው ኩባንያ ሳይሆን በአማርኛና በትግርኛ የሚጽፈው ደራሲያችን ነው። በተሰቀለበት ቀን «እናቴ፥ በእንቍላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለውን ሰው ተረት ሁላችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቅጣት ብቻውን አይበቃም፤ የሚገዛበትንም በር ማሳየት ያስፈልጋል።

በአገራችን በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል፤ ከ2021 ጀምሮም በቴሌ ብር በስልክ መክፈል ተችሏል። ስለዚህ አሳታሚዎቻችን ዲጂታል እትሞቻቸውን በብርና ወጣት በሚችለው ዋጋ ቢያቀርቡ፥ ወላጆችም ለልጆቻቸው ከኪስ ገንዘብ ጋር ደራሲም የዕለት እንጀራ እንደሚያስፈልገው ቢያስረዱ መልካም ነው። ለእውነተኛው ገዥ በር ሳይከፍቱ ስለ ሌባ መጮህ ገበያን አያቀናም።