የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

በሰሜን አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል በቴሌቪዥን የሚታይ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ስሙም «ኢትስ አካዳሚክ» ይባላል። የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሥራቿ ሶፊ አልትማን የምትባል ሴት ነበረች። ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ጠያቂው ማክ ማክጋሪ ነበሩ። አንድ ሰው ኀምሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ሆኖ ሌላውን ሲጠይቅ መኖሩ ለጉባኤ መምህራን እንኳ ሁልጊዜ የማይሰጥ ዕድሜ ነው። የጊነስ መዝገብም ይህን ውድድር በቴሌቪዥን ከሚታዩት የጥያቄ ውድድሮች ሁሉ ረጅም ዘመን የቈየ ነው ብሎ ጽፎታል።

ውድድሩ የተወለደበት ጊዜም ሊታሰብ ይገባዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ ብዙ ገንዘብ በሚያሸልመው በ«ትዌንቲ ዋን» ጨዋታ ስሙ የገነነው ቻርልስ ቫን ዶረን መልሱ አስቀድሞ ይነገረው እንደ ነበር በእንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አምኖ ነበር። ሕዝቡም በዐዋቂ ሰው ስም መታለሉን ባየ ጊዜ እጅግ ዐዘነ። እንግዲህ ልጆች፣ ያውም ለኪሳቸው ሳይሆን ለትምህርት ቤታቸው ክብር ሲሉ የሚወዳደሩበት ነገር በዚያ ወራት መምጣቱ እንደ መካሻ ሳይቈጠር አልቀረም።

ሥርዐቱ ቀላል ነው። ሦስት ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ተማሪ አቅርበው ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። የየትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞችና ጓደኞችም ከኋላ ሆነው ይጮኹላቸዋል። ጠያቂው ማንበብ ሲጀምር፣ መልሱን ዐወቅሁ ያለ ተማሪ በፊቱ ያለውን ቍልፍ ይጫናል፤ ጥያቄው እስኪያልቅ መጠበቅ ግዴታ የለበትም። የመለሰ ነጥብ ይጨመርለታል፣ የተሳሳተ ይቀነስበታል። ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። መልሱን የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በቅኔ ጉባኤም ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ባለ ቅኔው ሳይጨርስ የሚደርስበት ሰሚ አለ፤ ደረስሁበት ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ቅኔው በመጨረሻው ቃል ዞሮበት የሚያፍርም አለ።

በ2015 ዓ.ም. በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በልጃቸው ቤት፣ አንድ የቅኔ መምህር ይኖሩ ነበር። የተወለዱት በጎጃም፣ በሰከላ ነው። በወጣትነታቸው በየዱሩ ቅኔ ሲቈጥሩ፣ ማታ ለመምህራቸው ሲነግሩና ሲታረሙ ያደጉ፣ በኋላም ሌላውን ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። የልጃቸው ልጅ በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ውድድሩ የሚቀረጸው አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ ልጁ በቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ብዙ ሳምንት ዐለፈ። እናቱ በቦታው ነበረች፤ «ሁለተኛ ወጡ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረች። ልጁም ምንም አላለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤትና ዘመድ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ። ልጁ ግን ከፎቅ አልወረደም።

መምህሩ የሚነገረውን ስለማይሰሙ የልጁን እጅ ብቻ ይመለከቱ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበለት። በሦስተኛው ጠያቂዋ ገና በንባብ ላይ ሳለች ተጫነና «ቪክቶሪያ» አለ። ጭብጨባ የለም። ያን ጊዜ ከሌላው ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምታ «ታና» አለች። ከግማሽ ሰዓት ንግግር ሁሉ ለመምህሩ ጆሮ የገባው ቃል እርሱ ብቻ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ተረቱ በቦታው መግባቱን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በቦታው የገባ ተረት ሁሉ ደግ ተረት አይደለም። መምህሩ አልሳቁም። በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ፎቅ ወጡ፤ እናቱም ተከተለቻቸው።

«ልጄ፣ ጥያቄውን ከነሙሉው ንገረኝ» አሉት።

ልጁ በተሰባበረ አማርኛ ነገራቸው፤ የጐደለውን እናቱ ሞላችለት። ናይልን ከሚሠሩት ከሁለቱ ታላላቅ ወንዞች፣ ነጩን ትተን፣ ጥቁሩ የሚወጣው ከየትኛው ሐይቅ ነው? የሚል ነበር።

«የት ላይ ተጫንህ?»

«ነጩን ሲሉ። ስለ ነጩ የሚጠይቁ መሰለኝ፣ አባባ። ከጠበቅሁ ሌላው ይቀድመኛል።»

«ሌላው ቢቀድምህ ምን ይወሰድብሃል?»

«ምንም።»

መምህሩ ዝም አሉ። ከዚያም ልጁን ለማጽናናት ይሁን ወይም የአገራቸው ስም በባዕድ ልጅ አፍ መጠራቱ ልባቸውን ነክቶት፣ «እኔ ብሆን ታናም አልል፤ ግሽ ነው እላለሁ» አሉ። ስለ ግሽ ዓባይም አጫወቱት። ምንጩ ከሰከላ ሜዳ እንደሚፈልቅ፣ ጸበል እንደ ሆነ፣ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወርዶ ታና እንደሚገባና በባሕር ዳር በኩል እንደሚወጣ፤ መጽሐፍ ግዮን የሚለውም እርሱ እንደ ሆነ ነገሩት። ልጁ በስልኩ ፈለገና ካርታውን አገኘ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ፈረንጅ በ1618 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ዓ.ም. ያንን ምንጭ እንዳዩት አነበበላቸው። መምህሩ ፈረንጅ አየው መባሉን እንደ ትልቅ ነገር አልቈጠሩትም።

ልጁ ካርታውን ትንሽ ሲመለከት ቈየና ፈራ ተባ እያለ፣ «ግን እኮ አባባ፣ ጥያቄው ከየትኛው ሐይቅ ነው የሚለው። ምንጭ አላለም። እርስዎም ይቀነስብዎት ነበር» አላቸው።

እናቱ ደነገጠች፤ በአባቷ ጉባኤ ተማሪ መምህሩን እንዲህ አይመልስም ነበርና። መምህሩ ግን ጥያቄውን በልባቸው መልሰው ቈጠሩት። ሐይቅ የሚለውን ቃል አገኙት።

«እውነትክን ነው» አሉ። «የማውቀውን ልናገር ቸኵዬ የተጠየቅሁትን አልሰማሁም።»

ልጁ ሳቀ። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ከእንግዶቹ ጋራ ተቀምጦ ፈንዲሻ ይበላ ነበር።