ቁልፉን ስጡኝ

የኩላሊት ጠጠር ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። አንዴ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን በ10 ዓመት ውስጥ መልሶ ይይዛቸዋል። እኔ ሦስተኛዬን ሸኝቻለሁ። 4 ሚሊ ሜትር፣ የምስር ፍሬ ብታክል ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ወለል ላይ ስታንከባልለኝ አደረች።

ሐኪሙ ያለኝ አጭር ነው፤ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲወጣሽ ጠጪ። ልብ በሉ፣ የሚለካው የሚጠጣው ሳይሆን የሚወጣው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ይሄን ያህል መጠጣት ማለት ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት መፈለግ ማለት ነው። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ መንገዱ ይዘጋል። ወንዶቹ አጥር ይበቃቸዋል። እኔ ከቤት እስከ ቢሮ የትኛው ካፌ ሳያጉረመርም ቁልፍ እንደሚሰጥ በቃሌ ይዣለሁ፤ ማኪያቶ የማዘው ለቁልፉ ስል ነው።

ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። ጠጠሬ እንደ አብዛኛው ሰው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ ኦክሳሌት ደግሞ ቀይ ስርና ቆስጣ ውስጥ ሞልቷል፤ የበያይነቱ ግማሽ ማለት ነው። “ካልሲየም ከሆነማ ወተት ተዪ” የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። እና ቀይ ስሩን ወደ እህቴ እገፋለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ ሎሚ እጨምቃለሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ግን ትቻለሁ። እማዬ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት፣ እሷ ምንም ሳትቀምስ፣ ጠርሙሴን ሞልታ ቦርሳዬ ውስጥ ትከትልኛለች።