የነገ ዕዳ

ጊዜን ሰው ሁሉ እኩል ይካፈለዋል፤ አጠቃቀሙ ግን ሰውን ከሰው ይለያል። ገንዘብ ያጣ ሰው ተበድሮ ችግሩን ሊያልፍ ይችላል፤ ቀን ያጣ ሰው ግን አበዳሪ የለውም። ይህ እውነት ከየትም ይልቅ የሚዘነጋው በከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። አራት ዓመት፣ ማለትም 1,461 ቀን፣ ለሃያ ዓመት ወጣት የማያልቅ ይመስለዋልና።

በ1976 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ግቢ የመጨረሻ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የነበረ አንድ ወጣት ለዚህ ምስክር ይሆናል። ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም። ብዙ ያነብባል፤ በሻይ ቤት ክርክር የሚረታው የለም፤ የጓደኞቹን ጽሑፍ እስከ እኩለ ሌሊት ያርማል። ለመመረቂያ ጥናቱ የመረጠው ርዕስም የሚያስመሰግን ነበር። በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በተወለደበት ቀበሌ፣ የታወቁ አንዲት አልቃሽ ነበሩ። ሰው በሞተ ቁጥር እሳቸው ይጠራሉ፤ የሟቹን ትውልድ፣ ሙያና ጠባይ በሙሾ እያወረዱ አገሬውን ያስለቅሳሉ። የእኚህ ሴት ግጥም በጽሑፍ አልሰፈረም፤ ያለው በራሳቸው ልብ ብቻ ነበር። ወጣቱ ይህን ሀብት ሰብስቦ ሊተነትን ቃል ገባ።

ጥቅምት ላይ ፕሮግራም አወጣ። ወረቀቱን በሦስት ቀለም አስምሮ፣ ሰዓቱን ከንጋት እስከ ሌሊት ከፋፍሎ፣ በአልጋው ራስጌ ለጠፈው። ፕሮግራሙን ለማሳመር ብቻ ሦስት ምሽት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይራዘምበት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ሙሾ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ አለብኝ አለ። ኅዳር አለፈ። ለገና እሄዳለሁ አለ፤ ፈተና ደረሰ። ለጥምቀት አለ፤ ቴፕ የሚያውሰው ሰው አጣ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር፤ ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ ግን ውሸት ነበሩ።

በዚህ መካከል ከአገር ቤት የመጣ መንገደኛ የሴትዮዋን መልእክት አደረሰው። «ግጥሙስ አለ፤ እኔ እንዳለሁ ግን ማን ያውቃል? ቶሎ ና በሉት» ብለው ነበር። ወጣቱ መልእክቱን ሰምቶ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሄድም ለመንገደኛው ማለለት።

በዚያ ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ማረፍ የሚያዘወትረው ከቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው የሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ ነበር። ደረጃውን የሠሩት የፋሺስት ወራሪዎች ናቸው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በሥልጣን የቆየበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን ቆጥረው፣ ዘመናቸው እየጨመረ የሚሄድ መስሏቸው ወደ ላይ ጠመዘዙት። ወራሪው ከተባረረ በኋላ በጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ወጣቱ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ያስረዳል። ነገን አስቀድሞ የራሱ አድርጎ የቆጠረ ሁሉ፣ እርከኑ አየር ላይ ሊቀር እንደሚችል ግን ለራሱ አላስረዳም።

የካቲት ላይ ቴፑን ተሸክሞ ከሴትዮዋ ደጅ ደረሰ። የተቀበለችው ሴት ልጃቸው ነበረች፤ ጥቁር ለብሳለች።

«አንተ ነህ ወይ ያ ተማሪው? ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። እስከ መጨረሻው ሲጠብቁህ ነበር። ሌሊት ሌሊት ግጥሙን ለብቻቸው ይደጋግሙታል። ለምን አይተኙም ስላቸው፣ ልጁ ሲመጣ እንዳልረሳው ነው ይሉኝ ነበር።»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። በቀብራቸው ዕለት ማን አልቅሶ እንዳስለቀሰ ጠየቀ። «ማን አለና! ዝም ብለን ቀበርናቸው» አለችው።

ወጣቱ በዚያው ቀን አልተመለሰም። ዘጠኝ ቀን ሰነበተ። ከልጃቸውና ከጎረቤት ሴቶች ጋር እየተቀመጠ የሚያስታውሱትን አንድ በአንድ አስነገራቸው። ቀን የሰማውን ማታ በኩራዝ ብርሃን ሳይጽፍ አልተኛም። በመጨረሻ 37 ግጥም ሰበሰበ። ሟቿ ግን ያንድን ሌሊት ለቅሶ ያለ ድግግሞሽ ያነጉ እንደ ነበር ሴቶቹ መሰከሩለት። ጥናቱ ተጽፎ አለቀ፤ መልካም ውጤትም አገኘ። የጎደለው ግን እንደ ጎደለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወጣቱ ራሱን መረመረ። ያዘገየው የጊዜ ማነስ አልነበረም። ያዘገየው ፍርሃት ነበር። ጥያቄው በዚያች ታላቅ ሴት ፊት ቀልሎ እንዳይገኝ፣ ጽሑፉም ከግጥሙ በታች እንዳይሆን ይሰጋ ነበር። በነገ ውስጥ ያለ ሥራ ፍጹም ነውና ነገን መረጠ። ስለዚህ የቀለም ፕሮግራሙን ከግድግዳው ላይ ነቀለ። ትልቁን ሥራ በታትኖ በአንድ ጧት ሊያልቅ የሚችለውን ትንሹን ክፍል ብቻ ማሰብ ያዘ፤ ይህንም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሰው ሳያየው፣ መጥፎም ቢሆን ይጽፈዋል። አማካሪ መምህሩንም ለየምዕራፉ የተለየ የማስረከቢያ ቀን እንዲወስኑለት ለመናቸው።

ከዓመታት በኋላ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ወደዚሁ ሐሳብ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራቸውን የሚያዘገዩ ተማሪዎች በትምህርቱ ዘመን መጀመሪያ ከሌሎች ያነሰ ጭንቀት ቢታይባቸውም፣ ወደ መጨረሻው ግን ጭንቀታቸው ከሌሎቹ በልጦ፣ ውጤታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ ሦስት ጽሑፎችን እንዲያርሙ የተሰጣቸውን ሰዎች አወዳደሩ። በእኩል የተከፋፈለ የማስረከቢያ ቀን የተወሰነላቸው ከሁሉ የተሻለ ሠሩ፤ ቀኑን ራሳቸው የመረጡት ተከተሉ፤ ሁሉንም በመጨረሻው ቀን እንዲያስረክቡ የተተዉት ከሁሉ አነሱ። እንግዲህ ለተማሪ ልቅ ነጻነት መስጠት ሁልጊዜ ቸርነት አይደለም። መምህር ቀንን ቢከፋፍልለት፣ ሸክሙን አብሮት እንደ ተሸከመ ይቆጠራል።

ያ ወጣት በኋላ መምህር ሆኖ ፀጉሩ እስኪሸብት አስተማረ። ለተማሪዎቹ አንድ የመጨረሻ ቀን ብቻ ሰጥቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ረጅም ንግግር አያደርግም ነበር። የእያንዳንዱን ርዕስ ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባል፦ «ይህን ሥራ ተቀምጦ የሚጠብቅህ ሰው ማን ነው?» ተማሪው ስም ሲጠራ፣ «እንግዲያው በዚህ ሳምንት ሂድ» ይለዋል።