ሠሪው ማነው ቢሉስ?

በአማርኛ ገንዘቡም ብር ነው፤ ማዕድኑም ብር ነው። ይህ የቋንቋ ድህነት አይደለም፤ ታሪክ ነው። ወንድ አያቶቻችን ገበያ ይዘውት የሚወጡት ጠገራ እና ሴት አያቶቻችን ባንገታቸው ያጠለቁት ድሪ አንድ ነገር ነበሩ። ባላገሩ ጠገራውን በጨርቅ ቋጥሮ አንጥረኛ ዘንድ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ቀልጦ ጌጥ ይሆናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ጌጡ ተመዝኖ እንደገና ገንዘብ ይሆናል። በመካከል እሳቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን ማንም አያስታውሰውም።

በእናቴ ሣጥን ውስጥ አንዲት ጠገራ ብር ነበረች። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት፣ እንደ እህቶቿ ሁሉ 1780 የሚል የፈረንጅ ዘመን የተቀረጸባት። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ስለሚወጣ የጠገራን ዕድሜ ከፊቷ ላይ ማንበብ አይቻልም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራ ከገበያ ወጣች፤ ከሣጥን ግን አልወጣችም።

ታናሽ እህቴ ልትዳር ሦስት ወር ሲቀራት እናቴ ሣጥኑን ከፈተች። ወርቅ የማይቀመስ ሆኗል። ጠገራዋን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣

«ለእህትሽ ጉትቻ አሠሪላት» አለችኝ።

«አሠሪላት» ነው ያለችው፤ «ሥሪላት» አላለችም። ልዩነቱ የአንዲት «አ» ነው። ለካስ በዚያች «አ» ውስጥ የቤታችን ታሪክ ተቀብሮ ኖሯል።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ በዲፕሎማ። ከዓመታት በፊት፣ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ፣ ስለ ብር ሠሪዎች አንድ ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ለሦስት ቀን ሄድኩ፤ ዓመት ቆየሁ። ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ። እኔ ግን ጉጠት፣ ሞረድና ትንሽዬ መዶሻ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ነገሩን «የእሳት ጨዋታሽ» ነበር የምትለው።

«እኔው ብሠራላትስ፣ እማዬ?» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ያልነገረችኝን ነገር ያን ጊዜ ነገረችኝ። አንኮበር አካባቢ የነበሩት አያቴ፣ «ነጋዴ ነበሩ» እየተባለ ሲነገረኝ የኖሩት ሰው፣ ብር ሠሪ ነበሩ። ሙሽሮች የሳቸውን ጌጥ አጥልቀው ሲያልፉ፣ እሳቸውና ልጆቻቸው ከዳስ ውጭ ዳር ላይ ይቀመጡ ነበር። ቡዳ ይባሉ ነበር። ጌጡ ባንገት፣ ሠሪው በሩቅ።

«ሠሪው ማነው ቢሉስ?» አለች እናቴ። «አማቾቿ ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው።»

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት ቢያልፈውም እናቴ ጓዳ ገና አልደረሰም።

በመጨረሻ ተስማማን። እኔ እሠራለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ግን «ከሱቅ የተገዛ ነው» እንላለን።

ሥራው የተጀመረው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ጠገራ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከመቶ 83 እጅ ገደማው ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለአንድ ጥንድ ጉትቻ ሲሶዋ ይበቃል፤ የተረፈውን ለእናቴ እመልሳለሁ ብዬ ሙሉዋን ማቅለጫው ላይ አስቀመጥኳት። ቦራክስ ነሰነስኩና የጋዙን ነበልባል ለቀቅኩባት። ንጹሕ ብር 962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ መዳብ ሲገባበት ከዚያ ዝቅ ይላል። የንግሥቲቱ መጀመሪያ አፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ጉንጯ ለሰለሰ። ከዚያ ሁለመናዋ ተሰብስቦ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያበራ ጠብታ ሆነ። አልዋሽም፣ እጄም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ቀጥሎ መዶሻ ነው። ብር ሲመታ ይደነድናል፤ ካላዘኑለትም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቂት መምታት፣ ፈዛዛ ቀይ እስኪመስል በእሳት ማጋል፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መምታት ነው። መብራት አጥፍቼ ነው የማግለው፤ ያ ፈዛዛ ቀይ በብርሃን አይታይም። እሳቱ መዳቡን ስለሚያጠቁረው ብሩ ከሰል መስሎ ይወጣል። በሎሚ ጭማቂ ሲቀቀል ግን ጥቁሩ ይለቅና ነጭ ይሆናል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሽቦ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ከወፈረ ጆሮ ያሳምማል፣ ከቀጠነ ይጣመማል።

ፈርጡ ኦፓል ነው፤ የወሎ፣ የደላንታ። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አካባቢ የተገኘውን ይህን ድንጋይ ገደል ላይ ዋሻ እየማሱ የሚያወጡት ወጣቶች ናቸው፤ ዋሻው የተናደባቸውም አሉ። ድንጋዩ ነጣ ያለ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይረጫል። በውስጡ ውኃ ስላለ እሳት አይችልም። ከዚህ ቀደም አንዱን ፈርጥ ካስቀመጥኩ በኋላ የረሳሁትን ብየዳ ልጨርስ ስል «ጧ» ብሎ ለሁለት ተከፍሎብኛል። ስለዚህ ድንጋዩ የሚገባው እሳቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዙሪያውን የሚያቅፈው ስስ የብር ከንፈር ቀስ እየተባለ ይታጠፍበታል።

ጉትቻው ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደረሰ። እናቴ አገላብጣ አየችው፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

በሠርጉ ዕለት ጧት በጩኸቷ ነቃሁ። ዓይን እንዳያርፍበት ብላ ጉትቻውን ብርጭቆ ጠበል ውስጥ አሳድራው ኖሯል። ኦፓሉ ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ የመስኮት መስታወት መስሏል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣

«ተከተለን» አለች። «የሸሸነው ነገር ተከተለን።»

እየማልኩ አስረዳኋት። የወሎ ኦፓል ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ብርሃን ዝም ብሎ ያልፍበታል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። አላመነችኝም። ሌላ ጉትቻ ስላልነበረ ግን እህቴ ያንኑ መስታወት አድርጋ ተዳረች።

በሦስተኛው ቀን ለቅልቅል ተሰበሰብን። የሙሽራው እናት የእህቴን አገጭ ያዝ አድርገው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይሄ ጉትቻ የሠርጉ ለት ብርጭቆ አልነበረም እንዴ? ዛሬ እሳት ገብቶበታል እኮ! ምን ጉድ ነው? ሠሪው ማነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። የተስማማንበትን ውሸት ልናገር አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እቺው ልጄ ናት» አለች። «ካባቴ የወረሰችው ነው። አባቴ አንጥረኛ ነበሩ።»

አንዲት አክስታቸው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ስታደርግ አይቻለሁ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተነሥታ ሄደች። የሙሽራው እናት ግን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ድንጋዩስ? እሱን ምን አገኘው?» አሉኝ። ስለ ውኃው ነገርኳቸው። ጉትቻውን ደጋግመው አዩት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ወደዱት ወይ ፈሩት፣ ፊታቸው አይናገርም ነበር።

ማታ እንግዳው ሲበተን እናቴ ሣጥኗን ከፈተች። የመለስኩላትን የጠገራዋን ትራፊ በዚያው መሐረብ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእኔም ሥሪልኝ» አለችኝ።