ወርቁ ሰም ሲሆን

የመታሰቢያ የወርቅ ሳንቲም ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው የማዕድኑ ነው፤ በዓለም ገበያ በየዕለቱ የሚወጣና የሚወርድ፣ በክብደትና በጥራት የሚሰላ ዋጋ ነው። ሁለተኛው የምስሉ ነው፤ ሳንቲሙ የሚዘክረው ታሪክ፣ የቀራጩ ጥበብና የገዢው ፍቅር ተደምረው የሚያወጡት ዋጋ ነው። አዲስ ሳንቲም ባማረ ሣጥን፣ ከምስክር ወረቀት ጋር ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው ሁለቱንም ይከፍላል። ከዓመታት በኋላ ያው ሳንቲም ወደ ገበያ ሲመለስ ግን፣ በብዛት የተመረተ ከሆነ፣ ምስሉ ዋጋ ያጣና ማዕድኑ ብቻውን ይቀራል። አስተዋይ ገዢ የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። የወርቁን ከፍሎ ታሪኩን በምርቃት ይወስዳል።

ይህ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ኅብረተሰብ ለምስልና ለቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጥ ለሚጠይቅ የኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ መለኪያ በቀላሉ አይገኝም።

የራሳችንን አገር ምሳሌ እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው አምስት ዓይነት የወርቅ ሳንቲሞች ተቀርጸው ነበር፤ የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር። ክብደታቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ እጅ ዘጠኝ መቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። ከነዚህ አንዱን፣ የ20 ብሩን፣ ለቴአትር ጉዳይ ለንደን በነበርሁበት ወቅት በአንድ አሮጌ ሳንቲም ሻጭ መደብር አገኘሁት። ነጋዴው ሳንቲሙን በሚዛን ላይ አኖረው፤ 8 ግራም። ስፋቱንና ውፍረቱን ለካ። የዕለቱን የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ለ31.1035 አካፍሎ በ7.2 አባዛ፤ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.2 ግራም ነውና። በዚያ ላይ ለድካሙ ጥቂት ጨምሮ ዋጋውን ነገረኝ።

«የማን ምስል እንደ ሆነ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የማንም ይሁን፣ ሚዛኑ ልክ ነው» አለኝ።

አብሮኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ስንወጣ ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ንጉሡን በነፃ ነው የሰጠህ!» አለ።

በእርግጥም ንጉሡ በነፃ ነበር። ሚዛን የነገሥታትን ማዕረግ አይቆጥርም። ነገር ግን ያው ሚዛን ወርቁን ከመሬት ያወጣውን ቆፋሪም አይቆጥርም፤ የቆፋሪው እጅ ከመጀመሪያውም በምስሉ ላይ አልነበረም። በአንጻሩ በ1970 ዓ.ም. የዱር አራዊትን ጥበቃ ለመዘከር የተቀረጸውን፣ ዋልያ ያለበትን የ600 ብር የወርቅ ሳንቲም ያየን እንደ ሆነ፣ የተመረተው በጣም ጥቂት ስለ ነበረ ዋጋው ከወርቁ ዋጋ በላይ ነው። እንግዲህ ገበያ ለምስል ዋጋ የሚሰጠው ምስሉ ስለ ገባው ሳይሆን ስላነሰው ነው ማለት ነው።

የሁለቱ ዋጋዎች ግጭት ጎልቶ የታየው በጃፓን ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን 60ኛ የንግሥና ዓመት ለመዘከር፣ 20 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያለውን ሳንቲም በ100,000 የን አወጣ። ወርቁ በዚያን ጊዜ የዚህን ገንዘብ ግማሽ እንኳ አያወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከውጭ አገር የገቡ ከ100,000 በላይ አስመስለው የተሠሩ ሳንቲሞች መገኘታቸው ተገለጸ። የሚያስገርመው እነዚህም ከእውነተኛ ወርቅ የተሠሩ መሆናቸው ነው። አስመሳዮቹ የሰረቁት ወርቁን ሳይሆን በምስሉ ላይ የተጫነውን ዋጋ ነበር። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ የ20 ግራም ወርቅ ዋጋ ከ100,000 የን በእጅጉ በልጧል።

የወርቁን ዋጋ ብቻ የሚከፍል ገዢ ከዚህ ዓይነቱ ስርቆት ይድናል፤ ከሌላው ግን መጠንቀቅ ይኖርበታል። ተንግስተን የተባለው ማዕድን ክብደቱ ከንጹሕ ወርቅ ጋር ስለሚቀራረብ ውስጡን በእርሱ ሞልቶ ላዩን በወርቅ መለበጥ ይቻላል። ስለዚህ ክብደትን ከስፋትና ከውፍረት ጋር አጣምሮ መለካት፣ ከታወቀ ነጋዴ መግዛት፣ መግዣና መሸጫ ዋጋ እኩል አለመሆናቸውንም አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

የቅኔ ባለሙያዎቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ ከአንጥረኛው ቤት ነው የወሰዱት። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በሸክላ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። በቅኔም ላይኛው ትርጉም ይቀልጣል፤ ውስጠኛው ይቀራል። የገበያው ሳንቲም ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ ሰሙ ራሱ ወርቁ ነው፤ ወርቁ ደግሞ ምስሉ ነው። ነጋዴው በሰሙ ረክቶ ይቀራል።

አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የማያወጣ ሳንቲም ከማቅለጫው የሚያድነው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 850 ዶላር በደረሰ ጊዜ በብዙ አገሮች ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች ወደ እሳት ተጥለዋል። የቀለጠ ወርቅ እንደ ገና ወርቅ ነው፤ የቀለጠ ምስል ግን የትም የለም። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከእንዱቢስ ዘመን ጀምሮ፣ ማለት ከ3ኛው ምእት ዓመት አንሥቶ፣ አክሱም የወርቅ ሳንቲም ትቀርጽ ነበር። ከነገሥታቷም መካከል ስማቸው ለእኛ የደረሰው በሳንቲማቸው ብቻ የሆነ አሉ። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ሚዛኑን ብቻ አይቶ እነዚያን ሁሉ አቅልጦ ቢሆን ኖሮ፣ ታሪካችን እነዚህን ስሞች ያጣ ነበር።

ስለዚህ በማዕድኑ ዋጋ የሚገዛ ሰው ርካሽ ዕቃ ያገኘ ብቻ ሳይሆን፣ አደራም የተቀበለ ነው። ከግለሰብ ይልቅ ይህ አደራ የሚገባው ለቤተ መዘክሮችና ለባህል ድርጅቶች ይመስለኛል። ሥዕል ወይም ጥንታዊ ብራና ሲገዛ ገንዘቡ በዚያው ይቀራል፤ የዘመናችን መታሰቢያ ሳንቲም ግን በወርቁ ዋጋ ከተገዛ፣ ገንዘቡ በመሳቢያው ውስጥ ወርቅ ሆኖ ይቀመጣል። ዘውዱን የወደደም የጠላም፣ ምስሉ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ መመርመር እንጂ ማቅለጥ አይገባም። ዛሬ በሚዛን ዋጋ የሚገኘው ነገ ጥቂት ሲቀር በብዙ እጥፍ ተፈልጎ ይታጣል። ግዢው መፈጸም ያለበት ገበያው ንጉሡን በነፃ በሚሰጥበት በዚህ ጊዜ ነው።